የዲምቱ እናቶች

ድርቤ ቀነዓ ባሏን በወጣትነቷ ቀብራ፣ ኡኬ አጠገብ ከብት እያረባች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ነበረች። በ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ቀይ ላሟ ዲምቱ ከግጦሽ ጠፍታ በባላባቱ በኢዶሳ በረት ተገኘች። ኢዶሳ «የኔ ናት» ብሎ ድርቅ አለ። ድርቤም ነቀምቴ ሄዳ ከሰሰችው።

ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኢዶሳ አምስት ምስክር አቁሟል። የእሷ አንድ ብቻ ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በድንበር ተጣልተው ሁለት ዓመት ያላናገራት ወንድሟ መርጋ። መጥቶ ውጭ ይጠብቃል፤ ምን እንደሚናገር ግን አታውቅም።

«ላሚቱ ያንቺ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለሽ?» አሉ ዳኛው። አስተርጓሚው በኦሮምኛ ነገራት።

«እናቶቿን እቆጥራለሁ፣ ጌታዬ።»

ከስልሳ ዓመት በፊት፣ በክፉ ቀን፣ በሽታ ከብቱን ሲፈጀው፣ ያገሩ ሰው መሬቱን በእጁ ይቆፍር ነበር። አባቷ ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። ሆሮ ተሻግረው፣ ከብት ለተረፈለት ሰው ሁለት ክረምት ሠርተው በደመወዛቸው አንዲት ጊደር ነድተው ተመለሱ። የቆላ በሽታ አልጣላትም፤ በበጋም ወተቷ አልነጠፈም። ሰፈሩ ዳግመኛ በበሬ ያረሰው በእሷ ዘር ነው። ድርቤ ከዚያች ጊደር ጀምራ አምስት ስም ጠራች፤ ጸሐፊው መዘገበ።

ኢዶሳ የላሚቱን እናት ስም ሲጠየቅ «የላም ትውልድ ማን ይቆጥራል?» ብሎ ሳቀ።

መርጋ ተጠርቶ ገባ፤ የላሚቱን እናቶች እንዲቆጥርም ታዘዘ። ወደ እህቱ አላየም።

«ማጋሌ... ቦቄ... ዳለቲ...» አለና መሬት መሬት አየ።

የኢዶሳ ሰዎች ተንሾካሾኩ። ድርቤ የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ አፉን አፉን አየችው።

«ቀጥል!» አሉ ዳኛው።

«ጉራቲ» አለ መርጋ፣ ላብ እያጠመቀው። «እሷን ለመጥራት አፍሬ ነው። በጣሊያን ጊዜ ሰርቄ ሲሬ ገበያ ሸጥኳት፤ አባቴን ‹ጅብ በላት› አልኳቸው። ጥጃዋ ቡሬ ግን ቤት ቀርታ ነበር። ዲምቱን የወለደች እሷ ናት።»

ድርቤ ዳኛውንም ችሎቱንም ረሳች። «አባታችን ጦር ይዘው ያንን ጅብ ሦስት ሌሊት አድብተው ጠበቁት እኮ!» አለች በኦሮምኛ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፋ፤ አልተረጎመውም።

ዳኛው መዝገቡን አመሳክረው፣ «እንዲህ ያለውን ማንም አጥንቶ አይመጣም» ብለው ፈረዱላት።

ከኢዶሳ በረት ላሚቱን ሲያወጡ መርጋ ገመዷን ይዞ ከፊት ሄደ። ድርቤ መንገዱን ሙሉ ራቅ ብላ ከላሚቱ ኋላ ተከተለች። ደጇ ላይ ገመዱን አስረክቦ ሊመለስ ሲል ግን፣

«ግባና እህል ቅመስ» አለችው።