የችኩሌ እትዬ

ሹፌሩን ባገባች በሦስተኛው ቀን የአራት ዓመት ልጁ ከጠረጴዛ ሥር ወጣና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "አንቺን ማን ልበልሽ?" አላት።

አባትየው "እማዬ በላት እንጂ" ቢለው፣ "እማዬማ አለችኝ፤ ትመጣለች" አለ።

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ሳቅ ብላ "እንግዲያው እትዬ በለኝ" አለችው። በዚያው እትዬ ሆና ቀረች። ልጁ ሲጠራት ጎረቤት ሰማ፣ ከጎረቤት የሥራ ባልደረቦቿ ሰሙ፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ እትዬ ይሏት ጀመር።

ልጁን ደግሞ ሰፈሩ ችኩሌ ይለዋል። ቆሞ ይበላል፤ ጫማውን ሳያስር ይሮጣል፤ የተጠየቀውን ሳይጨርሱለት ይመልሳል። "በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ምኑን ይታገሳል!" ይል ነበር አባቱ።

ወላጅ እናቱ ከሹፌሩ ተጣልታ የወጣችው ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ከተማው ማዶ አንድ ነጋዴ አግብታ፣ እሷም የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍታ፣ ነጋዴዋ ተብላ ትጠራለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። መጀመሪያ ላይ ልብስና ከረሜላ ይዛ ትመጣ ነበር። ኋላ ልብሱ በሰው እጅ መላክ ጀመረ። ኋላ እሱም ቀረ። ልጁ እናቱን እየጠበቀ መስኮት ላይ መቆሙን የተወው መቼ እንደሆነ እትዬ አታስታውስም፤ አንድ ቀን ግን ዞር ብላ ብታይ መስኮቱ ባዶ ነበር።

ችኩሌ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው የሹፌሩ መኪና ገደል ገባ። በለቅሶው መሐል የሹፌሩ እህት እትዬን ወደ ጓዳ ስባ፣ "ልጁን ለእናቱ መልሺና ኑሮሽን ኑሪ፤ ገና ነሽ። የሰው ወርቅ አያደምቅ" አለቻት።

"እኔ መች ልድመቅ አልኩ?" አለች እትዬ።

ነጋዴዋም ብትጠየቅ ባሏ "ለራሴ ሁለት አሉኝ" ብሎ እሺ ሳይል ቀረ። ነገሩ በዚሁ አበቃ።

እትዬ የምትሠራው ሆስፒታሉ ጓሮ ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ክፍሉ ክረምት ከበጋ እንፋሎት ነው። የማሽኖቹ ጩኸት ስለማያሰማማ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በእጅና በቅንድብ ነው። የታጠበው አንሶላ ከመተኮሻው ሲወጣ በሁለት ሰው ይታጠፋል፤ ችኩሌ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንዱን ጫፍ ይዞላት፣ አንሶላውን እንደ ገመድ እየጎተተ ያስቃት ነበር። "ተው፣ የታማሚ አንሶላ ነው!" ስትለው፣ "ታማሚውም ይሳቅ!" ይላታል።

እንዲህ እያለ አደገ። አባቱን በቁመት በለጠ። ሹፌር ሊሆን ሲያስብ ወታደር ሆነ። ከዚያ ባሕር ማዶ ሰላም ሊያስከብር ከሚሄደው ጦር ጋር ሊዘምት መሆኑን እቃ እያጠበች ሳለ ከጀርባዋ ነገራት። እትዬ ዘወር አላለችም። ያንኑ ሳህን ደግማ አጠበችው።

"ምነው ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? አንተ እንደሆነ ከተነሳህ የሚመልስህ የለም። ብቻ አትሩጥ።"

"ወታደር እኮ ሥራው መሮጥ ነው እትዬ።"

እሑድ እሑድ ይደውልላት ነበር። የጦርነት ነገር አያወራም፤ የሚያወራው ስለ አቧራው፣ ስለ ትንኙ፣ ሲያንኮራፋ ስለሚያድር ጓደኛው ነው። በመጨረሻ የደወለ ጊዜ ሱሪው ላይ የመኪና ግራሶ ፈስሶበት በምን እንደሚለቅ ጠየቃት። አስረድታው ሳትጨርስ "በቃ ገባኝ፣ ተጠራሁ፣ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው። ሳሙናው ልብሱን ከማርጠቡ በፊት መሆን እንዳለበት አልነገረችውም ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ያሳሰባት እሱ ነው።

በሳምንቱ አልደወለም።

መርዶው የደረሳት እንዲህ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ የሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ቆማ አየች። የነጋዴዋ ታናሽ እህት፣ የችኩሌ አክስት ናት። ሮጣ አቀፈቻትና "እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት" አለቻት።

"ያጽናሽ፣ ማን ሞተብሽ ልጄ?" አለች እትዬ ከልቧ ደንግጣ።

ወጣቷ ክንዷን ላላ አደረገች። ፊቷ ተለዋወጠ። መኮንኖቹ ትናንት ጠዋት ነጋዴዋ ቤት ሄደው ነበር፤ ሕግ የሚያውቀው ወላጅን ነውና። ከዚያ ቤት ደግሞ ሁሉም እትዬን ሌላው የነገራት መስሎት ነበር። የውሃ ቦቴ አጅበው ሲሄዱ የመጀመሪያው መኪና ፈንጂ ረገጠ። ችኩሌ የነበረው የመጀመሪያው መኪና ላይ ነው።

እትዬ አልጮኸችም። "አልነገርኩትም፣ መጀመሪያ ሳሙናው ነው" አለች። ልጅቷ ምን እንዳለች አልገባትም።

አስከሬኑ በአውሮፕላን ሲመጣ እትዬ የክት ልብሷን ለብሳ አየር ማረፊያው ሄደች። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ነው።

"የሚገቡት ወላጆች፣ እህት ወንድምና የትዳር ጓደኛ ናቸው። እርስዎ ምኑ ነዎት?"

"እናቱ" የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ብትለውስ ማን ይከሳታል? ግን ያን ሁሉ ዓመት ያላለችውን፣ ልጁም ያላላትን ቃል በሞቱ ቀን መስረቅ መሰላት።

"የእንጀራ እናቱ ነኝ" አለች።

ወታደሩ መሬት መሬት አየ። "እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ትእዛዝ ነው" አለና ከአጥሩ ጥግ ጥላ ያለበትን ቦታ አሳያት። ቆይቶ የራሱን ውሃ አመጣላት።

በሽቦው ቀዳዳ አየችው። ስድስት ወታደሮች ሳጥኑን ተሸክመው እግራቸውን እየቆጠቡ አለፉ። ሳጥኑ አጠረባት፤ "እግሩን እንዴት አድርገው ይሆን?" አለች ለራሷ። ችኩሌ ቀስ ብሎ ሲሄድ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። መኮንኑ የታጠፈውን ባንዲራ ለነጋዴዋ ሲሰጣት፣ ነጋዴዋ በየትኛው እጇ እንደምትቀበል ግራ ገብቷት ስትወዛገብ ከሩቅ ታየች።

ለቅሶው ነጋዴዋ ቤት ተቀመጠ። የሰፈሩ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ተቸገረ። ባለሥልጣን የሚመጣው፣ ወንበር የተደረደረው እዚያ ነው። እዚያ ደርሰው ሲመለሱ እትዬ በር ላይ ቆመው "አይዞሽ" የሚሏት ነበሩ፤ ቁጭ ያለ ግን አልነበረም። ቁጭ ያለው ከሰፈሩ ደረጃ ሥር የሚሠራው ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ብቻ ነው። የሚቀመጥባትን ዱካ በእጁ አንጠልጥሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ወንበር አለኝ እኮ" አለችው።

"አውቃለሁ። የኔ መቀመጫ ከዚህ ሌላ አይመቸውም።"

ብዙም አላወራም። ሲጨልም ተነስቶ ዱካውን ይዞ ይሄዳል፤ በማግስቱ ይመጣል። አንድ ቀን ብቻ "ያ ልጅ ስንት ጫማ ጨርሶብኛል መሰለሽ" አለ። እትዬ አራተኛው ቀን ላይ ወደ ሥራ ተመለሰች። ቤቱ ዝም ሲል ጆሮዋን ያማት ነበር፤ ማሽኖቹ ቢያንስ ይጮኻሉ።

ወር ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ነጋዴዋ ብቻዋን ቆማለች። ከስታለች። እትዬ አስገባቻት። ሁለቱም ወግ ላለማጓደል ሲሉ ጥቂት ጊዜ "እርስዎ" ሲባባሉ ቆዩ።

"የተማረበት ትምህርት ቤት የስፖርት ሜዳውን በስሙ ሊሰይም ነው" አለች ነጋዴዋ በመጨረሻ። "እናት ናትና ትናገር ብለውኛል።"

"መልካም ነው።"

"ምኑ መልካም ነው? ምን እላለሁ?" ድምጿ ተሰበረ። "ልጄን አላውቀውም። ቁመቱን ያወቅሁት ከሳጥኑ ነው። ምን ይወድ እንደነበር፣ ማንን ይፈራ እንደነበር... አንቺ ንገሪኝ። ስለ እግዜር ብለሽ ንገሪኝ።"

የእትዬ የመጀመሪያ ሐሳብ ክፉ ነበር። 'ባንዲራውን ወሰድሽ፣ ለቅሶውን ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ ይሄን?' አለች በልቧ። ተነስታ በሩን ልትከፍትላት ሁሉ ቃጥቷት ነበር። ግን ስለ ችኩሌ ንገሪኝ ያላት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። አፏን ለመዝጋት ፈለገች፣ አፏ እምቢ አላት።

ነገረቻት። ፀጉር አስተካካይ ፈርቶ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ እንዴት እንዳመለጠ፤ የመጀመሪያ ደሞዙን ይዞ መጥቶ፣ ለስጦታ የገዛላትን ሸማ ባቡር ላይ ረስቶት እንዴት እንዳለቀሰ፤ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ። ነጋዴዋ እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። ሲመሽ እትዬ ለማንም ያላወራችውን ነገረቻት።

"አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ትኩሳት ጣለው። ጎኑ ተቀምጬ ፎጣ ሳቀዘቅዝለት 'እማዬ' አለ። ደጋግሞ። እኔን ይሁን አንቺን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሲድን ልጠይቀው ብዬ ፈራሁ።"

ነጋዴዋ እጇን ይዛ ቆየች።

የምርቃቱ ቀን ሜዳው በተማሪና በእንግዳ ሞላ። ነጋዴዋ በክብር ፊት ተቀመጠች። ለእትዬም መጥሪያ ልካላት ነበር፤ ቦታዋ ግን ከኋላ ሆነ፤ ጫማ ሰፊው ጎኗ ተቀመጠ። ነጋዴዋ ድምፅ ማጉያው ፊት ስትቆም መጀመሪያ ተንተባተበች፤ ኋላ በረታች። የፀጉር አስተካካዩን ነገር ስታወራ ሰዉ ሳቀ። የሸማውን ነገር ስታወራ ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። እትዬም ከሕዝቡ ጋር ሳቀች፤ ልጇ በሺህ ሰው ፊት ሕያው ሆኖ ሲሮጥ ታያት።

"አንድ ጊዜ ደግሞ" አለች ነጋዴዋ፣ "በትኩሳት እየተቃጠለ 'እማዬ፣ እማዬ' እያለ ይጠራኝ ነበር።"

ፊት ካሉት አንዳንዶቹ መሐረብ አወጡ።

እትዬ ተነሳች። የሰው ጉልበት እየገፋች፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለች ወጣች። ጫማ ሰፊው ከበር ውጭ ደረሰባት።

"የሰማሁት ያንቺን ነው አይደል?" አላት።

"አይ ጋሼ። ያ 'እማዬ' የኔ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን ደግሞ የሷ ሆነ።"

ነጋዴዋ ፎቶ ሳትነሳ ሮጣ ወጣች። "ደህና ተናገርኩ? ስምሽን ልጠራ ነበር እኮ፤ ሰዉ ሲያለቅስ ጠፋብኝ" አለች። እውነት ይሁን አይሁን እትዬ መለየት አልቻለችም። "ደህና ተናገርሽ" ብላት ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነጋዴዋ ሁለት ጊዜ መጥታ በር አንኳኩታለች። እትዬ ውስጥ ሆና ድምፅ አላሰማችም። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም።

እትዬ የተገላገለች መስሏት ነበር። ግን ሳምንታቱ ሲሄዱ ነገሩ ሌላ ሆነ። እቃ ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ድንገት አንድ የረሳችው ነገር ይመጣባታል፤ ችኩሌ ከጣሪያ ዘሎ ክንዱን የሰበረ ቀን ሐኪሙን ምን እንዳለው፣ ወይ ለጎረቤት ድመት ያወጣላት ስም። ትስቅና የምትነግረው ሰው ትፈልጋለች። ለማሽኖቹ ብትነግራቸው አይሰሙም። ጫማ ሰፊው ጆሮው እየደከመ ነው፤ ግማሹን ሰምቶ ለግማሹ ራሱን ይነቀንቃል። በዓለም ላይ ይሄን ነገር እንደ ውሃ ጥም የሚጠማው አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ታውቃለች፤ እሷም ነጋዴዋ ናት።

አንድ ቀን ከሥራ ቀረችና ሱቁ ሄደች። ነጋዴዋ ለአንዲት ደንበኛ መጋረጃ እየለካች ነበር። እትዬን ስታይ መቀሷ አየር ላይ ቀረ። ወንበር አመጣችላት። ደንበኛዋ ወደ እትዬ ሻካራ እጆች አየት አድርጋ "ማን ናቸው?" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ዘመዴ ናት" አለች ነጋዴዋ።

እትዬ ሰማች። 'ዘመድ' አለች በልቧ፤ ከምንም ይሻላል፣ ከእውነቱ ግን ያንሳል። ደንበኛዋ ሂሳቧን ከፍላ እስክትወጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ነጋዴዋ በሩን ገርበብ አድርጋ መጣችና ፊት ለፊቷ የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ አለች። ማናቸውም ስለ ሜዳው አላነሱም።

"ክንዱን ሰብሮ ያውቃል፤ ነግሬሽ ነበር?" አለች እትዬ።

"አልነገርሽኝም።"

"ከጣሪያ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ..."