መርዶ በአንደኛ ማርሽ

ደህና መኪና ይዞ ሆን ብሎ ገደል ላይ ለመንጠልጠል ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ ብትሉኝ፣ ካይሮ ከመግባቴ በፊት አላምናችሁም ነበር። እኔ በውትድርና ዘመኔ ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን ጭነት መኪና ይዤ ገደል ለገደል የሄድኩት ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። የካይሮ ሀብታም ግን አስፋልቱ ሰፍቶለት ሳለ ዓርብ በመጣ ቁጥር ድንጋይ ፍለጋ ይወጣል። ብስቅባቸውም የምበላው ከዚሁ እብደታቸው ነበር።

የምሠራው ሄሊዮፖሊስ ውስጥ ካለ አንድ ጋራዥ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ባሽመሃንዲስ እንለዋለን፤ ግብፆች መሐንዲስን፣ አንዳንዴም መሐንዲስ የመሰላቸውን ሁሉ በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። ሥራችን ጂፕ ከፍ ማድረግ ነበር። የፋብሪካውን ባሌስትራ፣ መኪናውን የሚሸከመውን ብረት፣ አውልቀን ጠንካራ እንገጥማለን፣ የጭቃ መከላከያውን ቆርጠን ትልልቅ ጎማ እናስገባለን፣ ከፊት የብረት ገመድ መጎተቻ እናስራለን። መኪናው ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ከመዓዲ በስተምሥራቅ ባለው የኖራ ድንጋይ ተራራ ላይ ይፈተናል። ግብፃውያኑ ሠራተኞች ለዚህ ሥራ ሲጠሩ ወገባቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ እኔ እነዳለሁ፣ ባሽመሃንዲሱ አጠገቤ ተቀምጦ የብረቱን ድምፅ ያዳምጣል።

ያን ሐሙስ የያዝነው ሸይኽ ዛይድ የሚባለው ሰፈር የሚኖር የአንድ ነጋዴ ጂፕ ነበር። ሰውየው ለማግስቱ ይፈልገዋል። ባሽመሃንዲሱ መንገድ ላይ አስቁሞኝ የሸንኮራ ጭማቂ ገዛልኝ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ደመወዝ ሊያዘገይ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጎማዎቹን ትንሽ አስተነፈስን፤ ሲለሰልሱ ድንጋዩን አቅፈው ይይዛሉ። መንገዱ መንገድ አይባልም። በግራ የተቆረጠ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል፣ መሀሉ ደግሞ ጉልበት የሚያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ደረጃ ነው። አንደኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ እግርህን ከፍሪሲዮኑ ታነሳለህ፣ ከዚያ ሞተሩ በራሱ ጊዜ እንዲራመድ ትተወዋለህ። መሀል ላይ መቆም የለም። ከቆምክ ፍሬኑ ብቻውን ያን ክብደት አይችልም፤ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

ሦስተኛውን ደረጃ እየወጣን፣ የፊተኛው ግራ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ባሽመሃንዲሱ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«ኤል-ባኢያ ፊ ሐያታክ» አለኝ። የሟቹ ቀሪ ዕድሜ ላንተ ይጨመር ማለት ነው፤ ግብፆች ሰው ለሞተበት የሚሉት።

«ማን ሞተ?» አልኩት። ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ነበር።

«እናትህ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ… አላህ ይማራት። አብሮህ የሚኖረው ሽማግሌ ትናንት ደውሎ የሳምንት ፈቃድ ጠየቀልህ። እኔ ግን የምታውቅ መስሎኝ…»

ጎማው መሬት ነካ። መሪው እጄ ውስጥ ሊሽከረከር ሲል ያዝኩት። ነዳጅ ትንሽ ሰጠሁ፣ የኋላው ጎማ ድንጋዩን ቧጠጠና ወጣ። አራተኛው ደረጃ መጣ። እናቴ ሞታለች፣ ቀጥሎ ወደ ግራ ትንሽ መታጠፍ አለ፣ ብዬ አሰብኩ። ልክ እንደዚህ፣ ሁለቱም እኩል ክብደት ኖሯቸው። እስከ ጫፉ ድረስ አንዲት ስህተት አልሠራሁም።

ከላይ ስናቆም ያለቀሰው ባሽመሃንዲሱ ነው። የእጁን መዳፍ ግንባሩ ላይ እየመታ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለ ይቅርታ ይለምነኛል። እኔ አጽናናሁት። ከታች የካይሮ አቧራና ፎቅ ተዘርግቷል፤ እንባ ግን አልመጣልኝም።

እናቴ ደሴ ነበረች። ከተለያየን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። እሑድ እሑድ ጎረቤቷ ሱቅ እየደወልኩ አወራታለሁ። በሰፈሩ ለቅሶ የማይቀርባት ሴት ናት፤ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ቀብሩን ሳትሸኝ አትውልም። በስልክ ገንዘብ ላክልኝ ብላኝ አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ትለምነኝ ነበር፦ «ቀብሬ ላይ ባትደርስም፣ ባለህበት ሆነህ አልቅስልኝ።» እኔም እየሳቅሁ እሺ እላለሁ። አሁን የቃሌ ሰዓት ደረሰ፤ እኔ ግን ተራራ ላይ ቆሜ ባሌስትራው ጮኸ አልጮኸ እያልኩ አስባለሁ።

ሽማግሌው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በአገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ሐዳይቅ አል-መዓዲ በተከራየነው ቤት ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ወሬው የደረሳቸው ከሦስት ሳምንት በፊት እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት። እሑድ እሑድ ልደውል ስነሳ መስመሩ ተበላሽቷል ይሉኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። ለባሽመሃንዲሱ ሲደውሉ «እንዳትነግረው» አላሉትም። እንዴት ይበሉ? በእኛ ዘንድ መርዶ ተዘጋጅቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በቤት እንጂ በሥራ ላይ ላለ ሰው እንደማይነገር ማን አያውቅም? ግብፃዊው አያውቅም።

«ኸላስ፣ በቃ እንመለስ» አለኝ ባሽመሃንዲሱ።

«ሁለተኛው ዳገት ይቀረናል» አልኩት።

በልቅሶው መሀል አፍጥጦ አየኝ። ለምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ሁለተኛውንም ወጣሁት፣ ወረድኩትም። ስወርድ ፍሬን ሳልነካ በማርሽ ብቻ ይዤ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በየተራ እያሳለፍኩ። እንባ እንደሚመጣ እየጠበቅሁ ነበር። የተናደድኩት በራሴ ነው፤ አንድም ማርሽ አልሳትኩም። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ለጋሼ እንዳይነግራቸው አስማልኩት።

ቤት ስገባ የጋሼ ባለቤት ዶሮ ሠርተዋል፤ የበዓል ቀን አይደለም። «ብላ እንጂ፣ ከሥራ ነው የመጣኸው» እያሉ ደጋግመው ያጎርሱኛል። ነገ እህል እንደማይወርድልኝ አስበው ነው። ከሸይኽ ዛይድና ከሄሊዮፖሊስ በሰው ቤት የሚሠሩ አራት ያገሬ ልጆች፣ ሴቶች፣ ዓርብን ለማረፍ መጣን ብለው ሳሎን ተቀምጠዋል። ማንም ዓይኔን አያይም። ሁሉን አወቅሁባቸው፣ ግን የቀረበልኝን ጨርሼ በላሁ።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ፣ ሴቶቹና ሁለት የሰፈሩ ሐበሾች ከኋላቸው። «ልጄ፣ እንግዲህ እንደ ወንድ ቻለው» አሉና ነገሩኝ። ሴቶቹ ጩኸቱን አቀለጡት። መሬት ላይ እንዳልፈጠፈጥ ሁለቱ ሰዎች ክንዴን ያዙኝ። የሚይዙት ነገር አልነበረም፤ እንደ ግንድ ቆሜአለሁ።

ጋሼ ፊቴን አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀድሞ የነገረህ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ነገር ብቻቸውን ተሸክመው፣ እኔ ስስቅ አብረው እየሳቁ፣ በመንገድ ላይ ብቻዬን እንዳልሰማ የተጠነቀቁ ሰው ናቸው።

«ማንም የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ ስነሳ ትከሻዬ ላይ ያደረግሁትን ብርድ ልብስ ወደ ፊቴ ሳብኩና «እናቴን! እናቴን!» ብዬ ጮህኩ፤ ሌላ ሰው ሲያደርግ እንዳየሁት። ክንዴን የያዙት ሰዎች ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ጋሼም እፎይ ብለው አለቀሱ።

እውነተኛው ለቅሶ ኋላ ይመጣል ብዬ ብዙ ጊዜ ጠበቅሁ። አልመጣም። እናቴ ከእኔ ያገኘችው ለቅሶ ያ ለሽማግሌው ብዬ የጮህኩት ብቻ ነው።