ያልፈተሽኩት ኪስ

ወንድሜ የሞተው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ታመመ፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ታክሲ ነጂ ነበር። እሱ አልጋ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ታክሲዋ ለቡ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አጥሩ ሥር ቆማ ዝናብ ሲወርድባት ከረመች። እናቴ ማንም እንዳይነካት ብላ ነበር። ማንም አልነካትም።

አርባው ሐምሌ ውስጥ ዋለ። ፍትሐቱ መካኒሳ አቦ፣ መቃብሩ ላይ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ተባልን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ መሄድ አትችልም። በየወሩ በአምስት አቦን የሚያሳልማት ወንድሜ ነበር፣ በዚችው ታክሲ።

አብሮት ታክሲ የሚነዳ ጓደኛ ነበረው። በዋዜማው መጥቶ "በእኔ መኪና ልውሰድዎት፣ እማማ" አላት።

"አይሆንም። በልጄ መኪና ነው የምሄደው።"

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። ባትሪውን ቀየረና ቁልፉን አዙር አለኝ። አዞርኩ። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ አይነሳም። ደግሜ አዞርኩ። አይነሳም።

"እሳት አጥታ ነው" አለ። "አርባ ቀን ዝናብ ጠጥታ ምን ታድርግ! አንተ ተማሪው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ስትማር ይሄን አላስተማሩህም?"

"አላስተማሩንም።"

"እንግዲያው ጨርቅ አምጣ።"

የሞተሩን የኤሌክትሪክ ገመዶች አንድ በአንድ ጠራረግን። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታና ከሰል ምድጃው ላይ እንደ በቆሎ እሸት እያገላበጠ አሞቃቸው። "ጨው ብቻ ነው የቀረን" አለ። ከዚያ እናቴ በሩ ላይ መቆሟን አየና አፈረ። ጫማዋን አድርጋለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ካንዴላዎቹን መልሶ አሰረ። አልነሳችም። ጎረቤቶች ተጠርተው እስከ መንገዱ ገፏት። ጭቃው ጎማውን ያዘው። አንዱ ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል ይላል፣ ሌላው ጸበል ይረጭባት ይላል። መልሰው ገፍተው አስገቧት።

የቀረው የካንዴላ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙባት ጥቁር ክዳን ነበረች። መያዣዋ ዝጓል። ከተሰበረች አበቃልን ብሎ እስካሁን የተዋት ለዚህ ነው። በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ከፈታት፤ ወደ ውስጥ አየ፤ በጣቱ ዳሰሰ።

"ምነው?"

"ባዶ ነው። እዚህ ውስጥ የምትሽከረከር፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አለች። እሳቱን የምታከፋፍለው እሷ ናት። ወንድምህ ክረምት ክረምት ማታ ማታ ያወጣት ነበር፣ እንዴት ረሳሁት፤ እንዳትረጥብም፣ ሌባም መኪናዋን እንዳያስነሳት። የት ያስቀምጣት ነበር?"

አውቃለሁ። ማለቴ፣ ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር፤ ግን አይቻታለሁ። ጠዋት ጠዋት ከጃኬቱ ኪስ አንዲት ጥቁር ነገር አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። አንድ ቀን እንኳ ምንድን ናት ብዬ አልጠየቅኩትም።

ጃኬቱ ደግሞ የለም። በሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልብሶቹን አቦ በር ላይ ለነዳያን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስወጣ እናቴ "ኪሱን ፈትሽ፣ የሱ ነገር እንዳይሄድ" አለችኝ። ፈትሻለሁ አልኳት። አልፈተሽኩም። የሱ እጅ የነበረበት ቦታ እጄን ማስገባት አቃተኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የለኝም።

"መጣሁ" አልኩና ሮጥኩ።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። አቦ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ጃኬቱን ከሩቅ አወቅኩት። ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው ለብሶታል። ጀርባው... የወንድሜን መሰለኝ፤ ቆምኩ። ከዚያ ቀረብኩ። ጃኬቱን የሰጠኋቸው ሽማግሌ ናቸው።

"አባባ፣ ይሄ ጃኬት የወንድሜ ነበር።"

ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ልትወስደው ነው?"

"አይደለም። ኪሱ ውስጥ የሆነች ነገር..."

"ያቺ ጥቁሯ? አልጣልኳትም። የሙት ዕቃ ይጣላል እንዴ? እጄ ርጥብ ነው፣ ራስህ አውጣት።"

እጄን አስገባሁ። ኪሱ ሞቆ ነበር። ጥቁሯን ነገር አገኘኋት፤ ደረቅ ናት።

ዞር ስል ቄሶቹ ጥላ ይዘው ወደ መቃብሩ ሲያልፉ አየሁ። እናቴን ጠብቋት ማለት ነበረብኝ። ለምን ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ምንም ሳልነግራቸው ወደ ለቡ ሮጥኩ።

ጓደኛው ቦታዋ አስገባት፤ ክዳኑን መለሰ። ቁልፉን አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች።

እናቴ ከውስጥ ድምፁን ሰማች። ወጣች። በዚያ ጉልበቷ፣ በጭቃው ላይ፣ በፍጥነት ሄዳ የውጭ በሩን መቀርቀሪያ ሳበች። ወንድሜ ማታ ሲገባ እንዲህ ነበር የምትከፍትለት። በሩ ተከፈተ። ውጭ ማንም የለም። ዞራ መሪው ላይ እኔን አየችኝ። መቀርቀሪያውን እንደያዘች ቆየች።

"ያቺ የጠፋችው ዕቃ የት ተገኘች?" አለች።

"ጃኬቱ ኪስ ውስጥ።"

"ፈትሻለሁ አላልከኝም?"

ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ለጓደኛው ለቀቅኩለት። እናቴ ከኋላ ገባች። በሩን ራሷ ሳበችው።

አቦ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። "ሞተሩን እንዳታጠፋው" አለችው ጓደኛውን፣ ስትወርድ። መቃብሩ ዘንድ ማንም አልነበረም። ቄሶቹ የቆሙበት ዱካ ዙሪያውን ጭቃው ላይ ቀርቷል፤ ውኃ ሞልቶታል። እሷ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ የት እንደምቆም ጠፋኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ባሻገር ሞተሩ ይሰማል።