ለእናቴ የፈጨሁትን ማን ጠጣው

እናቴ ጠጣች ብዬ ደስ ባለኝ ቀን ሁሉ የጠጣችው ጎረቤታችን ነበረች። ስፈጭ፣ ሳጠልል፣ ስቀምስ ከርሜ ይህን የደረስኩበት እጅግ ዘግይቼ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው «ተይው፣ አለፈ» ይለኛል። ለተናጋሪው ምን አለበት፣ አልፎለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ጉሮሮ ምግብ አላሳልፍ አለ። መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ዳቦው፣ በመጨረሻ ገንፎው እንኳ ደረቷ ላይ እየቆመ ያንቃት ጀመር። ከሮቤ ጎባ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ውስጥ እብጠት እንዳለ፣ ገና እንዳልተስፋፋ፣ አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ጥገና ሊወጣላት እንደሚችል ነገረኝ። ከዚያ ሚዛኑን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «በዚህ ኪሎዋ ግን ማንም ቢላ አያሳርፍባትም፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው የምትቀረው» አለ። «መዋጥ ካልቻለች የሚጠጣ ስጫት። ፕሮቲን ያለው ይሁን። ኪሎ ስትጨምር አምጫትና እልካታለሁ።»

ሐኪሙ የጠራልኝ በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት ሮቤ ውስጥ የለም። ስልኬን ከፈትኩ። ስልክ ላይ ያለው ደግሞ ሁሉም ክንዱን እያሳበጠ የሚያሳይ ጎረምሳ ነው፤ «ጡንቻ በአጭር ጊዜ!» ይላል። እናቴ ጡንቻ ምን ያደርግላታል? ቡጢ ልትገጥም ነው? ስልኩን ዘጋሁትና ወደ ጓዳዬ ዞርኩ።

የመጀመሪያውን በጥሬ እንቁላል ሠራሁት። እናቴ አሸተተችውና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ለጠላትም አትስጪ» አለችኝ። ሁለተኛውን በተቀቀለ እንቁላል ፈጨሁት፤ እሱ ደግሞ ባሰ። ስንቱን ደፍቼ በመጨረሻ የሆነልኝን ለሚያስፈልጋት ልንገር። ወተቱን ታፈያለሽ። ለብ ሲል የተመታውን እንቁላል በቀጭኑ እያፈሰስሽ ታማስያለሽ፤ ከቸኮልሽ ፍርፍር ይሆንብሻል። እንደገና እሳት ላይ ጥቂት ታቆዪና ወፈር ሲል ታወርጂዋለሽ። ሲቀዘቅዝ የበሰለ ሙዝ፣ የተቆላና የተላጠ ኦቾሎኒ፣ አንድ ማንኪያ በሶ ጨምረሽ በጁስ መፍጫ ነው። ማሩ አንገቱ ከሚባለው አገር የሚመጣው የጫካ ማር ቢሆን ይመረጣል፤ ስኳር አፍ ያጣብቃል። ኮረሪማ የጥፍር ጫፍ ታክል ጣል ታደርጊበታለሽ፤ የእንቁላሉን ሽታ የሚገድለው እሱ ነው። ለእናቴ ደግሞ በወንፊት አጠልለው ነበር፣ ቅንጣት ኦቾሎኒ ካለፈች ታንቃታለችና። መብራት ሲጠፋ ሁሉንም በሙቀጫ ወቅጬ ክዳን ባለው ጠርሙስ እመታዋለሁ። ክንዴ ይዝላል እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።

ጠዋት አንድ ጆግ ሙሉ ሠርቼ እሷ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ገበያ እወጣለሁ፤ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ማታ ስመለስ ጆጉ ባዶ ነው። «ጨረስሽው?» «አልሐምዱሊላህ፣ ጨረስኩት።» እኔ ሞኟ እሰይ እያልኩ ጆጉን አጥባለሁ። ጎባ ስንመለስ ግን ሚዛኑ ወርዷል። ሐኪሙ «በእርግጥ ትሰጫታለሽ?» ብሎ አየኝ። ወላሂ ያን ቀን ጉሮሮውን ባንቀው ደስ ባለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ገበያውን በተነውና በጊዜ ገባሁ። ሳሎን ስገባ እናቴ ከንፈሯን ብቻ ያረጠበችበትን ብርጭቆ ይዛ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን ደግሞ ጆጉን አዘንብላ ቂጡ ላይ የቀረውን በማንኪያ ትጠርጋለች።

ይህች ጎረቤት ከአጥራችን ወዲያ የምትኖር ክርስቲያን ሴት ናት፤ ባልቴት። ከእናቴ ጋር ከልጅነት እስከ ሽበት አብረው የኖሩ ናቸው። ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ ወተቱም ዳቦውም ሐሜቱም፣ የጋራ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከልጇና ከምራቷ ጋር ነው፤ ልጇ የስንዴ ጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። «አካም ጅርታ?» ብላ በየቀኑ እናቴን ልትጠይቅ ትመጣለች። በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ይመሰገናል። የበሽተኛውን እየጠጣ የሚጠይቅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ስትወጣ እናቴ ላይ ወረድኩባት። «ምነው? ልትገድዪኝ ነው?»

«ሰው ፊት ብቻዬን ልጠጣ እንዴ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

«አንቺ ደግሞ ከሰው ጋር እየሞትሽ ነው!» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት፣ ለገዛ እናቴ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች።

እሺ ብዬ ትልቅ ጆግ ገዛሁ፤ ለሁለቱም ይበቃል ብዬ። ጎረቤታችን ትልቁንም አላሳፈረችው። እናቴ እንግዳዋን «ጠጪ እንጂ፣ በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» እያለች ትለምናለች፤ እንግዳዋም እንቢ አትልም። የሴትዮዋ ጉንጭ ይሞላ፣ ፊቷ ይወዛ ጀመር። የእናቴ አምባር ደግሞ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። ደፍራም «ዛሬ ማሩ አላነሰውም?» ትለኛለች። ጉድ እኮ ነው!

ከዚያ የገና ጾም ገባ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወተት አትነካ፣ እንቁላል አትነካ። የእኔ እናት እስላም ናት፣ በሽተኛም ናት፣ ትጠጣለች። የሌላ ሃይማኖት ጾም እንደዚያ አስደስቶኝ አያውቅም።

ደስታዬ አንድ ቀን አላደረም። እናቴ ጠራችኝና «ከእንግዲህ ወተቱንም እንቁላሉንም ተዪው፤ ለእሷም እንዲሆን በሱፍ ሥሪው» አለችኝ።

«ለእሷ ለብቻዋ እሠራለሁ።»

«ሁለት ዓይነት ብርጭቆ በአንድ ገበታ አላቀርብም። እኔ ወተት እየጠጣሁ እሷ ዓይኗ ይንከራተት? ነውር ነው።»

ጉልበቷን የያዘላት ወተቱና እንቁላሉ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሰው ጾም ልትሰጠው! በማግስቱ ገበያ አልሄድኩም። ጎረቤታችን መጥታ ስትቀመጥ ከጓዳ ወጣሁ።

«እማማ» አልኳት፣ «እርስዎ እስከ ዛሬ ወተት ሲጠጡ የከረሙ መስሎዎት ይሆናል። እናቴን ነው የጠጧት። ይኸው ያለቀችውን ይዩዋት።»

እናቴ «አዑዙ ቢላህ!» ብላ አፏን ያዘች። ጎረቤታችን አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ያን ጊዜ ነው ያረጀች መሆኗን ያስተዋልኩት፤ ለመነሳት ክንዷን ወንበሩ ላይ ተደገፈች። «እውነትሽን ነው ልጄ» አለችና ወጣች።

እሰይ፣ ተገላገልን አልኩ። ያን ማታ ወተቱን በእንቁላሉ፣ ሙዙን በማሩ አድርጌ፣ እንደዚያ ጥሩ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም፣ ለእናቴ አቀረብኩላት። አልነካችውም። በማግስቱም አልነካችውም። ወተቱ ስልባቦት ይዞ ያድራል፣ ጠዋት እደፋዋለሁ።

«ለምንድነው እንዲህ የምትቀጪኝ?» አልኳት በመጨረሻ፣ እያለቀስኩ።

«እዚያ ቤት የሚበላ አይሰጧትም» አለችኝ። «ልጇ ሲኖር ይቀርብላታል፤ ሲወጣ ምራቷ ጓዳውን ቆልፋ ትሄዳለች። ከእኔ ዘንድ የምትቀምሰው ነበር ቀለቧ። አሁን እሱንም ዘጋሽባት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሰው ገበና ነው። ላንቺ ብነግርሽ ሴትዮዋ እንዴት ቀና ብላ ታይሻለች?» አይኗን ጨፈነች። «እሷ ካልጠጣች አንድ ጉንጭ አልጠጣም፤ ወላሂ።»

እናቴ ወላሂ ካለች አለች ነው። በሱፍ፣ በኦቾሎኒ፣ በተምርና በተልባ የጾሙን ሠራሁና ጆጉን በጨርቅ ሸፍኜ ጎረቤታችን በር ሄድኩ። አጥሩ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ብቻዋን። የጓዳው በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ አየሁት፣ ማየቴንም አየች።

«ይቅር ይበሉኝ። ይኸው፣ የጾም ነው።»

«ጠግቤያለሁ» አለችኝ።

«እማማ፣ ካልመጡ እናቴ አትጠጣም። ትሞትብኛለች።»

ጆጉን አየችው። ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ አየሁት፣ ምራቋን ነው የዋጠችው። «ታመመች፣ ብርድ መታት፣ መምጣት አልቻለችም በያት» አለችኝ። «በየቀኑ እየወሰድኩላት ትጠጣለች በያት። ያኔ እሷም ትጠጣለች።»

«ታዲያ ይጠጡት፣ እውነት ይሁን!»

«የእናትሽን ነፍስ በአፌ አላስገባም። አንቺው ነግረሽኛል። ጠግቤያለሁ፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ተመልሼ ለእናቴ «ጠጣች፣ አንድ ጆግ ሙሉ» አልኳት። እናቴ ፊቴን መረመረችና ብርጭቆዋን አነሳች። ጠጣች! እስከ ታችኛው ጠብታ ጠጣች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጆጉን ተሸክሜ እዚያ በር እሄዳለሁ፤ በየቀኑ «ጠግቤያለሁ» እባላለሁ። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ደፍ ላይ ጥዬላት ሄድኩ። በማግስቱ ጆጉ እዚያው ደፍ ላይ ነበር፣ ዝንብ ሞልቶበት። ጾሙ ተፈትቶ በወተት ሠርቼ ብወስድላትም ቃሏ ያው ነው። ታዲያ ምን ላድርገው? ልድፋው? ኦቾሎኒው፣ ማሩ፣ ልፋቴ! ከአጥሩ ጥግ ቆሜ እኔው ጠጥቼው ባዶ ጆግ ይዤ እገባለሁ። እናቴ ባዶውን ጆግ አይታ ደስ ይላታል፣ የእሷንም ትጠጣለች። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፤ ከሠራሁት ሁሉ ያ ነበር የሚጣፍጠው።

እናቴ ኪሎ ጨመረች። ሐኪሙ ሚዛኑ ላይ ደጋግሞ አቆማትና «ጎበዝ ልጅ አለሽ» አላት። አዲስ አበባ ሄድን፣ እብጠቱ ወጣላት፣ ቁስሏ እስኪጠግግ እዚያው ከረምን። ሮቤ የገባን ዕለት ዕቃችን ከመኪና ሳይወርድ «መጀመሪያ እሷን ልያት» አለች። ከኋላዋ ተከተልኳት። ምን ላድርግ፣ ልከልክላት?

ጎረቤታችን አጥሩ ጥግ ፀሐይ ላይ ነበረች። ተነስታ ልትስማት ፈለገች፣ አልቻለችም። እናቴ አጎንብሳ አቀፈቻት። በነጠላው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር፤ የአንገቷ ሥር ጎድጉዶ ውሃ ይይዛል። እናቴ ትከሻዋን ዳበሰች፣ ክንዷን ዳበሰች፣ አንጓዋን በሁለት ጣቶቿ ከበበችው።

«በየቀኑ ጠጥተሻል አይደል?» አለቻት።

«ጠጥቻለሁ እንጂ» አለች ጎረቤታችን ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል። «ልጅሽ አንድ ቀን ሳታጓድል ነው ያመጣችልኝ። ጠግቤ ነው የከረምኩት፣ እግዜር ይስጣት።»

እናቴ የሴትዮዋን እጅ አልለቀቀችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ጠቦኝ ነበር፣ ጉንጬም ሞልቶ ነበር፤ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ሁሉ «ምን በላሽ፣ አማረብሽ» እያሉ ሲያደንቁኝ ሰንብተዋል። እናቴ ይህን ሁሉ ያኔ ያየች አይመስለኝም፤ አሁን አየችው።

«አንቺን ግን ተስማምቶሻል» አለችኝ።