ከሐይቁ ሥር የተገኘው ገመድ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንኖር የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። እኛ ቤት መተርጎም ማለት ደግሞ ማጣራት ነው። ሐኪሙ «ኩላሊቷ ደክሟል» ሲል እኔ «ውሃ ያብዙ ብሏል» እላለሁ። ለትልቅ ሰው ክፉ ወሬ እንዲሁ አይወረወርም፤ መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። አፈ ቅቤ ብባል አይከፋኝም፤ ሆደ ጩቤ ግን አልነበርኩም።

እትዬ የምላቸው የአጎቴ ሚስት አብረውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጣና ላይ ነው የቀረው። አባቴ የሞተር ጀልባ ይነዳል፤ አጎቴ ከኋላ በገመድ በሚጎተተው የእንጨት ጀልባ ላይ ከእህሉ ጋር ነበር። ማዕበል ተነሣ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ የእንጨቱ ጀልባ ሰጠመ። ሬሳም አልተገኘ። ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህንን ነው። እትዬም «የእግዜር ሥራ ነው» ብለው፣ አባቴን እንደ ወላጅ አክብረው ኖሩ። አባቴ እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ፓርኪንግ ይሠራል፤ ወንዙ ከሥራው ሁለት እርምጃ ቢሆንም ውሃ ዳር ወርዶ አያውቅም። እኛ ብርድ ፈርቶ ነው እያልን እንስቅበት ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቲቪው ላይ በሰሜን ባሉት ትልልቅ ሐይቆች ስለሰጠሙ የድሮ የእንጨት መርከቦች ይታያል። ውሃው እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ እንጨቱ አልበሰበሰም፤ የሸራው ምሰሶ እንኳ ቆሟል። ጠላቂዎቹ አንዷ መርከብ በሌላ መርከብ ትጎተትበት የነበረውንም ገመድ እዚያው ሥሯ አገኙት።

እትዬ «ምን ይላል ሰውዬው?» አሉኝ።

የቲቪ ወሬ ነው፣ ምኑ ይጣራል? እንዳለ ገለበጥኩላቸው። «ገመዱ ተበጥሶ አይደለም እትዬ። ጎታቾቹ አብረው እንዳይሰጥሙ በመጥረቢያ ቆርጠውት ነው። ማዕበል ሲበረታ እንደዚያ ያደርጉ ነበር ነው የሚለው።»

አባቴ ሪሞቱን አንስቶ አጠፋው። ባያጠፋው ኖሮ ነገሩ ያልፍ ነበር።

እትዬ ብዙ አዩት። «እርስዎም ቆረጡት?»

«በእኔ ጀልባ ላይ ሰባት ሰው ነበር» አለ።

«ጠራዎት?»

«ጠራኝ።»

«ምን ብሎ?»

አባቴ ወለሉን አየ። «ጋሼ ቆይ፣ ቆይ እንጂ፣ አለኝ።»

ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። የታችኛው ቤት ጎረቤት ደንግጦ በሩን መታ። ባላቸው ሞቶባቸው ነው አልኩት። መቼ? አለኝ። ዛሬ አልኩት።

ስመለስ አባቴ ደረቱን እየደቃ አጠገባቸው ሊቀመጥ ጎንበስ ብሏል። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

«እርስዎ የእሱን ለቅሶ አይቀመጡም። ይውጡልኝ።»

ቤቱ የራሱ ነው። ኮቱን አንስቶ ወጣ።