የተቆረጠው አሥራ አራት ሜትር

ቱርዲስ ቪካነ በሃቭሱን ከተማ ሲኒማ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ፊልም አጫውታለች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ በከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደቡን በሚያሳየው መስኮት ሥር ትቀመጥና ሰዎች በግማሽ የሚያስታውሱትን ፊልም ትለይላቸዋለች። «አንዲት ሴት በረዶ ላይ ማንኪያ ትጥላለች፣ ከዚያ ፈረስ ይመጣል፤ ሌላው ጠፍቶብኛል» ይሏታል። እሷም ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቅና የፊልሙን ስም፣ ዓመቱን፣ አንዳንዴም በስንት ጥቅልል ተጭኖ እንደመጣ ሳይቀር ትናገራለች። አትኮራም ማለት ውሸት ነው። በተለይ እንደገና የተሠራን ፊልም ከመጀመሪያው ጋር የሚያምታታ ሰው ሲገጥማት ፊቷ ይለዋወጣል። «እሱ ግልባጩ ነው። እኔ ግልባጭ አላይም» ትላለች። እውነትም አይታ አታውቅም።

በ2013 መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ግዙፍ ሰው መጥቶ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ። ስድሳ ዓመቱን አልፏል። ወንበሩን አልነካም።

«ማግናር ሌይተ እባላለሁ። አያስታውሱኝም።»

«አላስታወስኩህም። ተቀመጥ እንጂ።»

«በ1978 ማጫወቻ ክፍልዎ ድረስ ወጥቼ አንድ ነገር ጠይቄዎት ነበር። ‹የለም› አሉኝ። ዛሬም የለም ካሉኝ አባቴ ሳላየው ይሞታል።»

እንደቆመ ነገራት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ሣጥኖች ጀርባ ሆኖ አንድ ነገር አየ። አንድ ሰው ከባሕሩ በላይ በብረት መሰላል ተንጠልጥሏል። ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሌላ ሰው ከላይ ቆሞ የተንጠልጣዩን ጣቶች ይረግጣል፤ መጀመሪያ አንዱን እጅ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሰውየው ወደቀ። ግራጫ ሹራብ የለበሰው ዘወር ሲል የገዛ አባቱ ቶርላይፍ ነው። ልጁ ጮኸ። እናቱ አፍሳ ወሰደችውና «ፊልም ነው ልጄ፣ ያየኸው ፊልም ነው» አለችው። ግን በዚያው ወር ያልማር ኔስ የተባለ የአባቱ የሥራ ባልደረባ ሬሳ ከዚያው ወደብ ወጣ። ያልማርና አባቱ ደግሞ ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ሰው እስኪገላግላቸው ድረስ በቡጢ ተደባድበው ነበር። ፖሊስ ሰክሮ አዳልጦት ነው ብሎ ዘጋው።

በዚያ መከር ከተማው ውስጥ ፊልም መነሣቱ እውነት ነበር። ሰዉ እስከ ዛሬ «የወደቡ ፊልም» ይለዋል። በ1978 ሃያኛ ዓመቱ ተብሎ እንደገና ሲታይ ማግናር ገብቶ ዓይኑን ሳይነቅል ተመለከተ። መሰላልም የለ፣ የሚረገጥ ጣትም የለ። ወደ ላይ ወጥቶ ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕይንት አለ ወይ ብሎ ቱርዲስን ጠየቃት። እናቱ እንደዋሸችው ያረጋገጠው በእሷ መልስ ነው። በሳምንቱ ከአባቱ ቤት ወጣ፤ ለምን እንደሆነም ለማንም አልተናገረም። እናቱ ስትቀበር እንኳ ከአባቱ ርቆ ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ ነው የቆመው።

«ትናንት እህቴ ቤርልዮት ደወለች። ሳንባው አልቋል። ሐኪሙ ቀናት ነው የቀሩት ብሏታል።»

ቱርዲስ የሰውየውን ፊት ልታስታውሰው አልቻለችም። መልሷን ግን አስታወሰችው። ፊልም ማጫወቻው ላይ እየጠመጠመች ነበር፤ ፊቷን እንኳ ሳታዞር ነው «የለም፣ እያንዳንዷን ጥቅልል በቃሌ አውቃታለሁ» ያለችው። አሁንም ያው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። የሰውየውን እጆች አየች፤ የራሰ ቆቡን ጨብጠዋል።

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጠኝ» አለችው።

«ሐሙስ ላይኖር ይችላል።»

«እንግዲያው እስከ ነገ።»

ቤቷ እንደደረሰች ካፖርቷን ሳታወልቅ የሥራ ደብተሮቿን አወጣች። የወደቡ ፊልም፣ ሦስተኛ ጥቅልል። በገዛ ጽሕፈቷ «መጣፊያ አለው፤ የባሕር ወፏ ጩኸት መሐል ላይ ይቆረጣል» ይላል። ይህን ቁራጭ ጩኸት ምን ያህል ጊዜ ሰምታዋለች! ሁልጊዜም የሌላ ከተማ ግድየለሽ አጫዋች በጥሶ የቀጠለው ይመስላት ነበር። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ምን እንደወጣ ሊነግራት የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስዊድኖች በ1983 ያንኑ የፊልም ጽሑፍ ወስደው እንደገና የሠሩት ፊልም።

ባሏ አርቪድ ከቴሌቪዥን ቀድቶት ነበር። «አንዴ ብቻ አብረሽኝ እዪው፤ ከኛው ይሻላል አልልም፣ ግን እዪው» ብሎ ለምኗት እሷ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። አርቪድ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ካሴቱን ከነጽሕፈቱ ከመደርደሪያው ሥር አገኘችው። ማጫወቻው መጀመሪያ አልውጥም ብሎ ተፋው። በመሐረብ ጠርጋ ደግማ አስገባችው።

ቀለሙ ደማቅ ነው፤ የታሪኩ መበለት ከመጠን በላይ ታለቅሳለች። ቱርዲስ ከእያንዳንዱ ትዕይንት ጎን የመጀመሪያውን በቃሏ እያስኬደች አየች። በሩ ያው፣ ደብዳቤው ያው፣ ጠቡ ያው። በሃምሳ አንደኛው ደቂቃ ካሜራው ወደ ወደብ ዞረ። የባሕር ወፍ ጮኸች፤ ጩኸቷንም እስከ መጨረሻው ጨረሰች። ከዚያ የብረት መሰላል፣ የተንጠለጠለ ሰው፣ ጣቶች፣ ቦቲ ጫማ። ቱርዲስ ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ረቡዕ ጠዋት የሥራ ሰዓት እስኪደርስ ጠብቃ በሰሜን፣ ተራራ ሆድ ውስጥ ወዳለው የፊልም ማኅደር ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሴት ደግ ነበረች፤ ግን ዝግተኛ።

«የሳንሱሩን ካርድ፣ ምን እንደተቆረጠ የተጻፈበትን ነው የሚፈልጉት? ዛሬ ሰው የለንም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት…»

«እህቴ፣ ሊሞት የደረሰ ሰው አለ። አሁን ሂጂልኝ።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ጠበቀች። ሰዓቱን እያየች ስለነበር ታውቀዋለች። ሴትዮዋ ስትመለስ ታለከልካለች። «ሦስተኛ ጥቅልል፣ መሰላል ላይ ጣት ሲረገጥ። ጭካኔ የበዛበት ስለሆነ አሥራ አራት ሜትር ፊልም ተቆርጧል። ቁራጩ እኛ ጋር የለም።»

«ሲነሣ የተወሰደ ፎቶግራፍስ?»

እንደገና ጠበቀች። ከዚያ ሴትዮዋ ከአንድ ፎቶ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ አነበበችላት፦ «መሰላል፣ ሰባተኛ ቀረጻ። በተዋናዩ ምትክ ቶርላይፍ ሌይተ፣ የወደብ ሠራተኛ።»

በዚያው ቀን ማግናር ቤተ መጻሕፍት ሲደርስ ሴትዮዋ በኢሜይል የላከችው ፎቶ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግራጫ ሹራብ፣ መሰላል፣ ዳር ላይ የካሜራው እግር። ማግናር የካሜራውን እግር በጣቱ ነካው።

«እና እርስዎ የለም አሉኝ» አለ።

«አልኩህ። የማውቀው ያሳየሁትን ብቻ ነበር። የቀረውንም የማውቅ መስሎኝ ነው።»

«ያልማርስ?»

«ያልማር እንዴት እንደሞተ እኔ አላውቅም። ማንም ላያውቅ ይችላል። አንተ በዓይንህ ያየኸው ግን ይሄ ነው።»

ፎቶውን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። «አብረውኝ ይሂዱ። እኔ እዚያ ስደርስ አፌ አይከፈትም።»

አባትዬው የሚኖርበት የአረጋውያን ቤት ከፊዮርዱ፣ በተራሮች መሐል ከገባው ጠባብ ባሕር ማዶ ነው። በማግናር መኪና ወደ አሻጋሪው ጀልባ ሲደርሱ የመሳፈሪያው ብረት በር እየተነሣ ነበር። ማግናር ክላክሱን ቢያንባርቅም ጀልባዋ ዓይናቸው እያየ ሄደች። ቀጣዩ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ሞተሩን አጥፍተው ተቀመጡ። ስልኩ ጮኸ፤ ቤርልዮት ናት። አላነሣም። እንደገና ጮኸ።

«አንሣው እንጂ» አለች ቱርዲስ።

«ሞተ ካለችኝስ? እስካላነሣሁት ድረስ በሕይወት አለ።»

ዝናቡ መስተዋቱን ይደበድባል። ቀጣዩ ጀልባ መጥቶ ብረቱ በር ሲወርድ ማግናር ሞተሩን አስነሣ።

አባትዬው በሕይወት አለ። ቤርልዮት ኮሪደሩ ላይ ወንድሟን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች፤ «ስልክ ማንሣት ምን ነበረበት፣ አንተ ደረቅ!» ብላ ደረቱን መታችውና በሩን ከፈተችለት። ቶርላይፍ በትራስ ተደግፎ፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ሆኖ ተኝቷል። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሩ ላይ የቆመውን ትልቅ ሰው አየ።

«ማነው?»

ማግናር እንዳለውም አፉ አልተከፈተም። ቱርዲስ ቀርባ ፎቶውን ከሽማግሌው ፊት ያዘችለት።

«ልጅዎ ማግናር ነው። ይሄ እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ። ደረቱ ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል። «ከየት አመጣችሁት? ቆርጠው ጣሉት እኮ» አለ። ትንፋሹን እየቆጠበ ቀጠለ። «የወደቡን ሠራተኛ በሙሉ ጋብዤ ነበር። ‹ዛሬ እኔን ታያላችሁ› ብዬ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው። መብራቱ በራ፣ እኔ የለሁም። ዓመት ሙሉ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ የፊልሙን ስም ቤት ውስጥ ማንም እንዳያነሣ አልኩ።»

«ጣቱን ረግጠኸዋል» አለ ማግናር። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«የት ረገጥኩት! የረገጥኩት የመሰላሉን ጠርዝ ነው። ሰባት ጊዜ አስደገሙን። አንድ ልጅ እየጮኸ ድምፁን አበላሸብን… አንተ ነበርክ። እናትህ ይዛህ ሄደች።» ወደ ልጁ ዞረ። «ምን እንዳደረግኩህ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ለምን ነው የሄድከው?»

ማግናር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቱርዲስ ፎቶውን ኮመዲኖው ላይ ትታ ወጣች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ምን ብሎ እንደነገረው፣ ሽማግሌውም ምን እንዳለ አልሰማችም። ኮሪደሩ ላይ ቤርልዮት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ቱርዲስ አጠገቧ ጥቂት ቆየችና ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛ ብቻዋን ወደ ጀልባው ተመለሰች።

ማግናር የደወለላት በዘጠነኛው ቀን ነው።

«ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለ።

«አብረኸው ነበርክ?»

«ነበርኩ። ዘጠኙንም ቀን ነበርኩ። ሠላሳ አምስቱን ዓመት ግን አልነበርኩም።»

ከዚያ ስልኩን ዘጋው።