የፉርኖ ዱቄት በቤታችን

በጠላት ጊዜ በእኛ አገር አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ገብታችኋል?» የሚል። ገባ ማለት ለጣሊያን እጁን ሰጠ ማለት ነው። አባቴ አልገባም ነበር። አባቴ ጫካ ገብቶ ነበር። ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው በልጅነቴ ግራ ስላጋባኝ አክስቴን ጠየቅኋት። «ልዩነቱ በአገባቡ ነው» አለችኝ። «አንዱ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ አንዱ ቀና ብሎ።»

ቤታችን ከሉማሜ ፈንጠር ብሎ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው መንገድ ከሩቅ የሚታይበት ኮረብታ ሥር ነበር። በቤቱ ውስጥ አራት ነበርን፤ እናቴ፣ አክስቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ ምላሷን የማይፈራ ሰው በመንደሩ አልነበረም። እናቴ ዝምተኛ ናት። የቤቱን እህል የምትሰፍረው ግን እሷ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቤቱን የሚገዛው የሚሰፍረው ሰው ነው።

አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ቁጠባ ስማር፣ በትምህርቱ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ነገሮች ከዚያ አንድ መጸው የተነሣ አዲስ አይሆኑብኝም። መጸው ስል ዝናቡ ከቆመ ወዲህ፣ ጤፉ እስኪታጨድ ያለውን ጊዜ ነው። አገሩ የሚያምርበት፣ ጎታው የሚራቆትበት ወቅት ነው።

መስከረም ጠብቶ የእህሉ ጉድጓድ ሲከፈት፣ የቀረን እስከ አጨዳ እንደማያደርሰን ታወቀ። ባለፈው ዓመት ወታደሮች ክምራችንን ስላቃጠሉት ወደ ጉድጓዱ የገባው ከእሳት የተረፈው ብቻ ነበር። እናቴ ሁሉንም አውጥታ በቁርበት ላይ ዘረጋችው። መጀመሪያ የሽምብራውን ዘር ለየች፤ ሽምብራ የሚዘራው ገና ጭቃው ሳይደርቅ ነውና። እጃችን እንዳያርፍበት ብላ በአመድና በእበት ለወሰችው። ወንድሜ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቀጥላ የአባቴንና የጓደኞቹን ስንቅ ለየች። የቀረው የእኛ ሆነ።

«የሌለው አባወራ ካለነው ቀድሞ ይበላል እንዴ?» አለች አክስቴ ለቀልድ።

«የሌለው ነው የሚራበው» አለች እናቴ። «እኛማ ሳማ አለልን።»

እውነትም ሳማ ነበረልን። አክስቴ ቅጠሉን በጨርቅ ይዛ ትቀጥፈዋለች፣ እናቴ ቀቅላ ጥቂት የገብስ ዱቄት ትበትንበታለች። ጨው አልነበረንም፤ ጨው የሚሸጠው ለገባ ሰው ብቻ ነው። ወንድሜ «አልጫ ነው ዛሬም?» ብሎ ቢጠይቅ አክስቴ «አልጫማ ጨው አለው፤ ይኸ ስም የለውም» ትለው ነበር። ልብስ በእንዶድ እናጥባለን። እሳቱን ማታ በአመድ እንቀብረዋለን፤ ጠዋት ከጠፋብን ከጎረቤት ፍም ለመለመን መሄድ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ስለ ገቡ እኛ ደጃቸው ስንታይ ይጨንቃቸዋል። ኩራዝ ስለማናበራ ፀሐይ ስትጠልቅ እንተኛለን።

የጽጌ ጾም ሲገባ አክስቴ ቤቱ በሙሉ ልጅ ሳይቀር ይጹም አለች። ይህ ጾም በፈቃድ የሚጾም ነው፤ በመንደራችን ከካህናቱና ከአሮጊቶቹ በቀር የሚጾመው አልነበረም። «መራባችን ካልቀረ ጽድቁን ለምን እናጣለን?» አለች። እናቴ የዚያን ዕለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የመንደራችን ጭቃ ሹም አህያ እየነዳ መጣ። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊትም ጭቃ ነበር፤ ገብቶ ሹመቱ ጸናለት። ከአክስቴ ጋር አብሮ አደግ ስለሆነ አትፈራውም፤ እናቴ ግን አንቱ ነው የምትለው።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ» አለች እናቴ።

«እሱማ ከገባ ቆየ» አለች አክስቴ ከምድጃው ሥር ሆና።

ጭቃ ሹሙ እንዳልሰማ ሆኖ ከአህያው ላይ ከረጢት አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ፉርኖ ዱቄት ነበር። ከከረጢቱ ስፌት ነጭ ብናኝ ሲወጣ አየሁ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ እናቴ በዓይኗ መለሰችው።

«እህቴ» አላት፣ «የመጣሁት ለልጆቹ አዝኜ ነው። ተመልከቻቸው። ጎመን በጤና ይባል የለም?»

«ጎመኑንማ እየበላን ነው» አለች አክስቴ። «ጤናውን ነው ያልሰጣችሁን።»

«አንቺን አላናገርኩም።»

«እኔም አንተን አላልኩ። ጭቃ በመስከረም ይደርቃል ሲሉ ሰምቼ፣ የእኛ ደጅ ገና እርጥብ መሆኑ ገርሞኝ ነው።»

ጭቃ ሹሙ ለአክስቴ ጀርባውን ሰጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናቴ ነገራት። የጣሊያኑ ሹም ጭቃ ሹሞቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ከየመንደራችሁ ጫካ ያለውን ሰው አጨዳ ሳይደርስ አስገቡ ብሏቸዋል። አባቴ ቢገባ ምንም አይደረግም፣ መሬቱን ያርሳል፣ ዱቄትና ጨው በየጊዜው እናገኛለን። «አንቺ ብትልኪበት ቃልሽን አያልፍም። ሌላ ነገር አልልሽም፤ ግባ በዪው።»

ምንም አይደረግም ያለው ውሸት መሆኑን እኔ እንኳ አውቅ ነበር። ከታችኛው መንደር ገብተው ወደ ደብረ ማርቆስ የተወሰዱ፣ ከዚያም ወሬያቸው የጠፋ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ከረጢቱን አየች፣ ወንድሜን አየች፣ እንደገና ከረጢቱን አየች።

«እልካለሁ» አለች።

አክስቴ ቀና አለች። ጭቃ ሹሙም አላመነም መሰለኝ።

«ምን ብለሽ?»

«ግባ ብዬ።»

«ማሪያምን?»

«ማሪያምን! ግባ ብዬ እልክበታለሁ። አንድ ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም። ግን መልእክቱን የምታደርሰው እትዬ ናት፤ መንገዱ ላይ ባለው ኬላ እንዳይይዟት አንቱ ይንገሩልኝ።»

«ይህማ ቀላል ነው!» አለና ዱቄቱን ትቶ፣ ጥቂት ጨውም ጨምሮ ሄደ።

እሱ ከዓይናችን እንደራቀ ማልቀስ ጀመርኩ። አባታችንን በዱቄት ሸጥሽው አልኳት። እናቴ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«አባትሽ የት ነው?»

«ጫካ።»

«የትኛው ጫካ?»

አባቴና ጓደኞቹ ያኔ ከእኛ ብዙም በማይርቅ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነበሩ። የልጆቻቸው ነገር እያስጨነቃቸው ወደ መንደሩ እየቀረቡ መጥተው ነበር። ወታደሩ ደግሞ ጭቃ ሹሞቹን ያስጨነቀው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ካልገቡ ደኑን ሊከብ ነው የሚል ወሬ ነበር።

«ከዚያ ደን የበለጠ የሚገባበት የለም?» አለችኝ እናቴ።

«ዓባይ በረሃ» አልኩ።

«እንግዲያው ይግባ።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «እኔ እኮ ለዚህ ቤት ምላሱ እኔ ነኝ ብዬ!»

ከዚያ የዱቄቱ ነገር መጣ። እኔና ወንድሜ እንደምንበላው አልተጠራጠርንም። እናቴ ግን ከረጢቱን ፈትታ እንዳለ አቦካችውና ዳቦ ቆሎ አደረገችው፤ ለመንገደኛ የሚሆን፣ የማይበላሽ። ቤቱ በስንዴ ሽታ ሞላ። እኛ በዚያ ሽታ መካከል ተቀምጠን ሳማ በላን። ጨውም ቢሆን ከዱቄቱ ጋር ተቦካ፤ ለእኛ ምንም አልቀረም።

«አንድ ፍሬ ብቻ» አለ ወንድሜ።

«የእኛ አይደለም» አለች።

«የጣሊያን ነው?»

«ነበር። አሁን የአባትህ ነው።»

ወንድሜ ሰፌዱ ላይ የቀረውን ብናኝ በጣቱ ጠርጎ ወደ አፉ ሲያደርስ ያዘችው። አልመታችውም። ጣቱን በውኃ አጠበችው፣ ሰፌዱንም አጠበችው። ጭካኔ ይመስል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያ ዱቄት አንዴ ቢጣፍጠን ኖሮ ከረጢት የያዘ አህያ በመጣ ቁጥር እኛ ቀድመን ደጅ እንደምንወጣ የገባት ይመስለኛል።

አክስቴ ዳቦ ቆሎውን በትልቅ አገልግል ሞልታ፣ ላዩን ለጥጥ መግዣ በያዘችው በርበሬ ሸፍና ሄደች። ከቆላ ጥጥ መግዛት የሴቶች የዘወትር ሥራ ስለሆነ የሚጠረጥራት አልነበረም። ኬላው ላይ ዘበኛው «የማን ነሽ?» ቢላት «የጭቃ ሹሙ መልእክተኛ» አለችው። «ምን ይዘሻል?» «ጣሊያን የሰጠንን።» እሱም በአክብሮት አሳለፋት። ይህን ከተመለሰች በኋላ ስትነግረን የዘበኛውን አረማመድ ሳይቀር እያስመሰለች ነበር። ጥጥም ይዛልን መጣች። ከአባቴም መልስ ነበራት፤ «ገብቻለሁ በሉልኝ» ብሏል። ወታደሮቹ ደኑን የከበቡት እሷ በተመለሰች ማግስት ነው። ያገኙት አመድ ብቻ ነበር።

ጭቃ ሹሙ የመጣው ጤፉ መቅላት ሲጀምር ነው። በዚህ ጊዜ አህያ አልያዘም፤ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ይዞ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ግባ ብዬ እልክበታለሁ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። ላክሁም።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ገባ።»

«የት ገባ?»

«ዓባይ በረሃ ነዋ።»

ከጠመንጃዎቹ ባለቤቶች አንዱ ሳቁ አመለጠው። ጭቃ ሹሙ ዞሮ ሲያየው ሰውዬው ሳል አስመሰለ።

«በማሪያም ምለሽ ዋሸሽኝ!»

«አልዋሸሁም። አንቱ ግባ በዪው አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልልሽም አሉኝ። የት እንደሚገባ እኮ አልነገሩኝም።»

«ዱቄቴስ?»

«ተበላ» አለች አክስቴ ከውስጥ። «የበሉት ሰዎች ጽድቁ ለአንተ ይሁን ብለዋል።»

ጭቃ ሹሙ እናቴን ይመታታል ብዬ ቀሚሷን ያዝሁ። እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጭቃ ሹሙ ከሷ ዓይን ይልቅ ጓሮውን ማየት ቀለለው መሰለኝ፣ ወደዚያ ሄዶ በሬያችንንና የነጠፈችውን ላማችንን ፈትቶ ነዳ። ሲወጣ «እንግዲህ ምን አባታችሁ እንደምትወቁበት አያለሁ!» አለ። ለገበሬ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ሽምብራው ተዘርቷል፣ ጤፉ ደርሷል፤ ያለ ከብት ግን አውድማ አይረገጥም።

ያን ዕለት እናቴ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን ነገር አደረገች፤ የአባቴን ጋቢ ለብሳ ማጭዱን አንስታ ወረደች። በአገራችን ሴት አጭዳ አትከምርም፤ ታርማለች እንጂ። እኛም ተከተልናት። ከመንገዱ የሚያልፉ የገቡ ጎረቤቶች ቆመው ያዩናል። አንዲቱ «አይ ልጄ! ሰውስ ምን ይላል?» አለቻት።

«ሰው ያለው ይበቃኛል» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ማጭድ ካለሽ ግን ውረጂ።»

ሴትየዋ ወዲያና ወዲህ አይታ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ግን አውድማችን ጫፍ ላይ የታሰረ ነዶ ማን እንዳመጣው ሳናውቅ አገኘን፤ ከማሳችን ጥግ የታጨደ ነበር።

ለመውቃት ዱላ ቆረጥን። አውድማ በእበት ይለቀለቃል፤ ከብቶቻችን ስለተወሰዱ በየሜዳው ለቅመን ያገኘነው መሃሉን ብቻ ለቀለቀው። ዙሪያው እርቃኑን ቀረ። እናቴና አክስቴ ፊት ለፊት ቆመው በተራ ይመታሉ፣ እኔ ገለባውን እገለብጣለሁ፣ ወንድሜ ወፍ ያባርራል። ዱላው ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ኮረብታውን ተሻግሮ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። አክስቴ በየምቱ የአንድ ሰው ስም ትጠራ ጀመር፤ መጀመሪያ የጭቃ ሹሙን፣ ቀጥላ የዘበኛውን፣ ከዚያ ጣሊያኖቹን፤ ስማቸውን ስለማታውቅ ራሷ ስም እያወጣችላቸው። እናቴ «እትዬ ተይ፣ ጾም ነው» ብትላትም በሳቅ ምቷን ትስት ነበር። መዳፋቸው ተልጦ በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ጨርቁም ደም አሳለፈ። ጤፉ ግን ገባ፤ ትንሽ ቢሆንም የእኛ ነው።

የመጀመሪያው እንጀራ ሲወጣ አራታችንም ሞሰቡን ከበን ተቀመጥን። ጠግበን ከበላን መንፈቅ ሊሆነን ነበር። ወንድሜ ትልቅ ጉርሻ ጎረሰና አኘከ፣ ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። ካልተለቀለቀው አውድማ ዳር የገባ አሸዋ ነው።

«ድንጋይ አለው!» አለ አፉን ይዞ።

እናቴም ጎረሰች። አሸዋው በጥርሷ መካከል ሲንኮሻኮሽ ሁላችንም ሰማነው። ዋጠችና ሌላ ቆረሰች።

«አኝከው» አለችው። «የመሬታችን ነው።»